ፍርፍር ያላሳፈረን ድሪቶ ለምን ያሳፍረናል?

አንድ ጥያቄ ላስቀድም። ትናንት ያደረ እንጀራ ተቆራርሶ፣ ከድስት ሥር በተረፈች ወጥ ታሽቶ፣ ትንሽ ቅቤ ጠብ ተደርጎበት ጠዋት ሲቀርብ ስሙ ማን ይባላል? ፍርፍር! ጎንደር ፒያሳ ቁርስ ቤት ብትቀመጡ ከምግብ ዝርዝሩ አናት ላይ ታገኙታላችሁ። እንግዳ እንጋብዝበታለን። ውጭ አገር የሚኖር ዘመድ «ምን ናፈቀህ?» ሲባል ቶሎ ከሚጠራቸው ነገሮች አንዱ እሱ ነው።

ሌላ ጥያቄ። ያረጀ ሱሪ፣ ክርኑ ላይ የተበሳ ሸሚዝና መሀሉ የሳሳ አንሶላ ተቆራርጠው፣ እርስ በርስ ተጋጥመውና ተሰፍተው ብርድ ልብስ ሲወጣቸውስ? እሱ ድሪቶ ይባላል። ድሪቶ ደግሞ ስድብ ነው።

ልብ በሉ፤ ሥራው አንድ ነው። የተረፈውን ሰበሰብን፣ ቆራረጥን፣ አገጣጠምን፣ ከመጀመሪያው የተለየ አዲስ ነገር አወጣን። አንደኛው በሳህን ስለቀረበ ባህል ሆነ፤ ሁለተኛው ትከሻ ላይ ስለዋለ ውርደት ሆነ። የዛሬው ክርክሬ ይኼው ነው። ለሆዳችን የፈቀድነውን ብልሃት ለገላችን የከለከልነው ያለ በቂ ምክንያት ነው፤ ክልከላውም ዋጋ እያስከፈለን ነው።

ስድብ የሆነ ሙያ

ድሪቶ «ደረተ» ከሚለው ግስ የመጣ ነው፤ እራፊ በእራፊ ላይ ጣፈ ማለት ነው። በቁሙ ከተወሰደ የሥራ ውጤት ስም ነው እንጂ የሚያስቀይም ነገር የለውም። ዛሬ ግን ፖለቲከኛው የተቃዋሚውን ፕሮግራም ሲያጣጥል «ድሪቶ» ይለዋል። ሃያሲው ከዚህም ከዚያም የተቃረመ መጽሐፍ ሲገጥመው «ድረታ» ብሎ ይገላገለዋል። የተቆጣ አከራይ «ድሪቶህን ሰብስብና ውጣ!» ይላል (ሻንጣው ውስጥ ያለው አዲስ ሱፍ ቢሆንም)።

ስድቡ ከሰማይ አልወረደም። በእጅ የሚሠራን ሰው መናቅ የቆየ በሽታችን ነው። ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችውን ወለቃን አስታውሱ። ቤተ እስራኤላውያኑ ምጣዱን፣ እንስራውንና ማረሻውን ይሠሩ ነበር። ጎረቤት በምጣዳቸው እየጋገረ፣ በማረሻቸው እያረሰ፣ ባለሙያዎቹን ግን «ቡዳ» ይላቸው ነበር። ንቀቱ ያን ያህል ሥር ስለሰደደ ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. አንጥረኛውን «ጠይብ»፣ ቆዳ የሚያለፋውን «ፋቂ» እያለ ባለሙያን የሚሰድበውን ሰው የሚከለክል አዋጅ አወጡ። እንግዲህ አስቡት፤ ንጉሠ ነገሥት አዋጅ አውጥቶ ያላቆመውን ስድብ እኛ ስማርት ስልክ ይዘን ቀጥለንበታል። መርፌና ክር የያዘ ወንድ ስናይ የምንስቀው ሳቅ የዚያ ስድብ የልጅ ልጅ ነው። ሸማኔውም፣ በገበያ በረንዳ ላይ በሲንጀር መኪና የሚሰፋውም በአብዛኛው ወንድ በሆነበት አገር!

አራት ድርብ

ወደ ቤታችን እንግባ። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ደባርቅ ስትደርሱ ከፍታው 2,800 ሜትርን ያልፋል። ከዚያም ወደ ጃናሞራ ሲወጣ ሌሊቱ ቀልድ አያውቅም። እዚያ ልብስ ማለት መጀመሪያ ከብርድ ማደሪያ ነው፤ መዋቢያነቱ ቀጥሎ ይመጣል።

ለዚህ ብርድ የተሰጠው መልስ ጋቢ ነው። ኩታ ሁለት ድርብ ነው፤ ጋቢ ግን አራት። አራቱ ድርብ እንዴት እንደሚገኝ የማያውቅ ካለ ይስማ። ጥጡ ፍሬው እንዲወጣ ይዳመጣል። በደጋን ይነደፋል። ባዘቶ ይሆናል። ባዘቶው በአመልማሎ ይጠቀለላል። አመልማሎው በእንዝርት ይፈተላል፤ ክሩ ሲጠራቀም፣ ሲጠራቀም፣ ሲጠራቀም ሸማኔ ዘንድ ይሄዳል፤ ድርና ማግ ይገናኛሉ። በመካከሉ የእናት ስንት ምሽት እንዳለቀ ቆጥሮ የከፈላት የለም።

እንዲህ የተለፋበት ነገር ሲያረጅ ይጣላል? አይጣልም። ሲያረጅ ለሕፃን መጠቅለያ፣ ሲሳሳ የሊጥ መሸፈኛ፣ ሲቀደድ የድሪቶ ሆድ፣ በመጨረሻ ምንም ሳይቀረው ሲቀር የምጣድ ማሰሻ ይሆናል። በጎመን ዘር ወዝቶ ምጣዱን ያለሰልሳል፤ እንጀራውም በዓይን በዓይኑ ይወጣል። ጋቢና እንጀራ የሚገናኙት እዚህ ጋ ነው። ልብሱ ሥራውን ጓዳ ውስጥ ይጨርሳል።

ጓዳውም በዚያው ሕግ ነው የሚተዳደረው። እንጀራ ያድራል፣ ፍርፍር ይሆናል። ሲበዛ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፣ ድርቆሽ ይሆናል። ድርቆሹ በማዳበሪያ ተሞልቶ ዩኒቨርሲቲ ይሄዳል፤ ዶርም ውስጥ ውኃና በርበሬ ሲያገኝ እንደገና ነፍስ ይዘራል። ሥጋው ቋንጣ ይሆናል። ጤፍ ሲወደድ ዳጉሳና ማሽላ ገብተውበት ቅይጥ ይጋገራል። ቅይጥ እንጀራ እኮ የእህል ድሪቶ ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ምሳሌ ደግሞ የቆሎ ተማሪ ነው። ጎንደር የአብነት ትምህርት አገር ናት፤ ተማሪው ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ በየደጁ ይቆማል። ከአንዱ ቤት የገብስ እንጀራ፣ ከሌላው የጤፍ፣ ከሦስተኛው ቁራሽ ዳቦ ይደርሰዋል። አኩፋዳው ውስጥ መንደሩ ሁሉ ተገጣጥሞ ይገኛል። የተረፈው ደርቆ ኮቸሮ ይሆናል። ቅኔ የተዘረፈው፣ መጻሕፍት የተተረጎሙት በዚያ ኮቸሮ ነው። ከዚህ በኋላ «የተቃረመ» ማለት «ርካሽ» ማለት ነው የሚል ካለ ክርክሩን ከሊቃውንቱ ጋር ይጨርስ።

የራሳችን እራፊ ሲያሳፍር የሰው ያኮራል

አሁን ወደ እኛ ወደ ከተሜዎቹ ልምጣ። ያገለገለ ልብስ ከውጭ ማስገባት በሕግ የተከለከለ ቢሆንም ሰልባጅ ገበያው ላይ አለ፤ ሁላችንም እናውቀዋለን። የማናውቀው ሰው ለብሶ የጣለውን ጃኬት መርጠን፣ ተከራክረን፣ ገዝተን፣ «ኦሪጅናል ነው» ብለን እንፎክርበታለን። የገዛ አባታችን ኮት ክርኑ ሲጣፍ ግን እንሸማቀቃለን። ጉልበቱ ላይ ሆን ተብሎ የተቀደደ አዲስ ጅንስ ገንዘብ ከፍለን እንገዛለን፤ በራሱ ጊዜ የተቀደደውን ግን እንደብቃለን። ቀዳዳው አንድ ነው። ልዩነቱ ፋብሪካ የቀደደው መሆኑ ብቻ ነው!

እስቲ ባሕር ተሻግረን እንይ። አሜሪካ አላባማ ውስጥ ጊስ ቤንድ የምትባል የጥቁሮች መንደር አለች፤ ነዋሪዎቿ በአካባቢው የጥጥ እርሻ ላይ ሲሠሩ የኖሩ ባሪያዎች ልጆች ናቸው። ሴቶቹ ባረጀ የሥራ ሱሪና ቱታ፣ በዱቄት ከረጢት ጭምር፣ ብርድ ልብስ ይሰፉ ነበር። ሚዙሪ ፔትዌይ የተባለች እናት በ1942 እ.ኤ.አ. ባሏ ሲሞትባት የእርሻ ልብሶቹን ቆራርጣ በአንድ ላይ ሰፋቻቸው፤ ለቅሶዋንም ብርዷንም በአንድ ልብስ ሸፈነች። በ2002 እ.ኤ.አ. የመንደሩ ሥራዎች መጀመሪያ በሂውስተን፣ ከዚያም በኒውዮርኩ ዊትኒ ሙዚየም ግድግዳ ላይ ተሰቀሉ። በ2006 እ.ኤ.አ. ደግሞ የአሜሪካ ፖስታ ቤት ቴምብር አደረጋቸው። ጃፓኖችም ቀዝቃዛው ሰሜን ውስጥ ድሃ ገበሬዎች እየደረቱ የለበሱትን ሰማያዊ ልብስ «ቦሮ» ብለው ሙዚየም አስገብተውታል። የእኛ ድሪቶ የት ነው ያለው? ስድብ ውስጥ!

«ድህነትን አታቆላምጥ» ለሚሉ

ይህን ስጽፍ የሚመጣው ተቃውሞ ይታየኛል። «ድሪቶ የለበሰ ሰው ወድዶ አይደለም። አጥቶ ነው። አንተ ሞቆህ ተቀምጠህ የሌላውን እጦት ጌጥ አታድርገው» የሚል። ተቃውሞው ከባድ ነው፤ ግማሹም እውነት ነው። ማንም ልጁን ድሪቶ ለብሶ ትምህርት ቤት እንዲሄድ አይመኝም። ብርድ የሚገባው ድሪቶ ለብሶ ላደረ ሰው ስለ ውበቱ ማውራት ነውር ነው።

ነገር ግን ፍርፍርም እኮ ከእጦት ነው የተወለደው። ድርቆሽም፣ ኮቸሮም፣ በሶም። እዚያ ላይ ያደረግነው ብልህ ነገር ነበር። እጦቱን ትተን ሙያውን አስቀረነው። ዛሬ ፍርፍር የሚበላው የሚበላ ያጣ ብቻ አይደለም። በጨርቁ ላይ ግን ተቃራኒውን አደረግን። ሙያውን ጥለን እፍረቱን አስቀረነው። እጦቱማ ከእኛው ጋር አለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ ዶላር ከ100 ብር በላይ ሲሻገር፣ ከውጭ የሚመጣ ብርድ ልብስም ሸሚዝም አብሮ እንደሚንር ለማወቅ ኢኮኖሚስት መሆን አያሻም። ማራኪ ወይም አዘዞ አንዲት ክፍል ተከራይቶ የሚኖር ጀማሪ ሠራተኛ ደመወዙ በወሩ አጋማሽ ሲያልቅበት መርፌ መያዝ አለማወቁና ሽሮ መሥራት አለማወቁ እኩል ያስርቡታል።

ስለ ሽሮም አንድ ነገር ልበል። «ቀላል የቤት ምግብ» እንለዋለን። ለማን ነው የቀለለው? አተሩ ወይም ሽምብራው ተለቅሞ፣ ታምሶ፣ ተከክቶ፣ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከዝንጅብል፣ ከበሶብላና ከበርበሬ ጋር ተሰጥቶና ደርቆ፣ ወፍጮ ቤት ደርሶ እስኪመለስ የፈጀውን ጊዜ ያልቆጠረ ሰው ብቻ ነው ቀላል የሚለው። አሥር ደቂቃ የሚፈጀው የእኛ ድርሻ ነው። የቀረው ሳምንት የእናታችን ነው። ቢያንስ አሥሯን ደቂቃ እንቻላት!

ታዲያ ምን እናድርግ?

ሰበካ ብቻ ይዤ አልመጣሁም። አንድ ቅዳሜ ስጡኝ።

ቁም ሣጥናችሁን ክፈቱ። የማትለብሱትን ጅንስ፣ ሸሚዝና አንሶላ አውጡና እጠቡ። ካርቶን 20 በ20 ሴንቲ ሜትር ቆርጣችሁ መለኪያ አድርጉ። በእሱ እየለካችሁ ጨርቁን ቆራርጡ። ስምንት በስምንት ካደረጋችሁት 64 እራፊ ይበቃችኋል። መጀመሪያ ስምንት ስምንቱን በረድፍ ስፉ፤ ከዚያ ረድፎቹን እርስ በርስ አያይዙ። ከሥር ያረጀ አንሶላ፣ መሀል ላይ የሳሳ ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ አድርጋችሁ ሦስቱን ድርብ በረጅም ስፌት ውጉት፤ አለበለዚያ መሀሉ ይንሸራተትና አንድ ጥግ ላይ ይከማቻል። ቀጭን ሸሚዝ ከወፍራም ጅንስ ጎን አታድርጉ፤ ቀጭኑ ቶሎ ይቀደዳል። መኪና ከሌላችሁ ረድፎቹን ቆርጣችሁ ገበያ በረንዳ ላይ ላለው ልብስ ሰፊ ስጡት። የባህል ልብስ የሚሰፉትንም የጥለት ቁርጥራጭ ጠይቋቸው፤ አንድ ረድፍ ጥለት ጣል ያለበት ድሪቶ ጎንደሬነቱን ይናገራል።

ብቻችሁን አትሥሩት። አንድ ሰው ብቻውን ሲሠራው ቅጣት ይመስላል። አባቶቻችን ደቦ የሚሉትን አምጡት። አምስት ጓደኛ፣ ወንዱም ሴቱም፣ ይሰብሰብ። ሦስቱ ሲሰፉ ሁለቱ ምድጃ ላይ ይሁኑ፤ ሽንኩርቱ ይቁላላ፣ ሽሮው ይንተክተክ፣ ያደረው እንጀራ ይፈርፈር። ከዚያ ተለዋወጡ፤ ቅዳሜው ሲመሽ ሁሉም ሁለቱንም ያውቃል። የመጀመሪያውን ድሪቶ ዕጣ ጣሉበት። ወይም እንዝርት ስታሾር ላረጀች አንዲት እናት ውሰዱላት፤ የስፌቱን ጠማማነት አይታ ትስቅባችኋለች፤ እግረ መንገዷንም እንዴት እንደሚቃና ታሳያችኋለች። እኛ ያልተማርነው ሙያ ከእሷ ጋር አፈር እየገባ ነው። ከዚህ የሚበልጥ የሚያሳፍር ነገር አላውቅም።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ስንል የኖርነው ስለ ክር ነው፤ እራፊም ያብራል። እና ወዳጆቼ፣ በሚቀጥለው ጊዜ አንድ ሰው «ድሪቶ!» ብሎ ሲሰድባችሁ አትቆጡ። «ስንት በስንት ነው?» ብላችሁ ጠይቁት።

ቸር እንሰንብት!