የማን 1 ሰዓት? ከአርካዊት የተነሣ ግልጽ ደብዳቤ



በ2012 ዓ.ም. ክረምት አንድ ቅዳሜ ምሽት፣ ካርቱም አርካዊት ውስጥ፣ ስልኬን ቻርጅ አድርጌ፣ ሻዬን ቀድቼ ቼዝ ልጫወት ተሰናድቼ ተቀመጥኩ። ቀጠሯችን 1 ሰዓት ነበር። የምንጫወትበትን የቼዝ ድረ ገጽ፣ ሊቼስን፣ ስከፍት የእኔ ሰሌዳ ተዘግቷል። ተጋጣሚዬ ግማሽ ሰዓት ጠብቆኝ፣ ነጥቡን በፎርፌ ወስዶ ሄዷል። «ምነው፣ 1 ሰዓት አላላችሁም እንዴ?» ብዬ ለቡድናችን ዋትስአፕ ላይ ልጽፍ ስል፣ ያንኑ ጥያቄ ዋሽንግተን የሚኖረው የቡድናችን ልጅ ቀድሞኝ ላከው። እሱም ገና መድረሱ ነበር። ሁለታችን በሁለት የተለያየ ስሕተት እኩል አንድ ሰዓት ዘግይተን አንድ ደቂቃ ላይ ተገናኘን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ካፒቴናችን አዲስ አበባ ይኖራል። «ቅዳሜ 1 ሰዓት» ብሎ ጻፈ፤ ለእሱ ማታ መሆኑ እንኳ መነገር የሚያስፈልገው አልነበረም። እኔ ሐበሻ ነኝና 1 ሰዓት ማለት ጀምበር ከጠለቀች ከአንድ ሰዓት በኋላ ነው ብዬ የካርቱምን ጀምበር ተከተልኩ። ካርቱም ግን ከአዲስ አበባ በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ናት። የዋሽንግተኑ ልጅ ዕድሜውን አሜሪካ የፈጀ ነው፤ 1 ሰዓት ሲሉት የሚታየው ከምሳ በኋላ ያለው 1 ሰዓት ነው። ያ ሰዓት በክረምት አዲስ አበባ ላይ ከምሽቱ 2 ሰዓት ይሆናል፤ እኔ ስልኬን የከፈትኩበት ሰዓት ማለት ነው።

አራተኛው ሜልበርን ነው። እሱ ዘንድ ቀጠሮው የሚውለው ለእሑድ አጥቢያ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ነበር። ከሦስታችን ይልቅ የእሱ ሰዓት አስቸጋሪ ሆኖ ሳለ በሰዓቱ የተገኘው እሱ ነው፤ እንቅልፉን የሚያጣበት ቀጠሮ ስለሆነ ካፒቴኑን ሁለት ጊዜ ጠይቆ አረጋግጧል። ልጆቹ እንዳይነቁ ወጥ ቤት ገብቶ፣ የስልኩን ድምፅ አጥፍቶ ተጫውቶ አቻ ወጣ። ካፒቴናችን አሸነፈ። በሁለታችን ፎርፌ ምክንያት 2½ ለ1½ ተሸነፍን። ያን ቀን ከእኛ አንድም ሰው በእርምጃ ስሕተት አልተሸነፈም ብል ማጋነን አይሆንም።

ይህን የምጽፍልዎ እንደኛ በየአህጉሩ ተበትኖ በኦንላይን በቡድን የሚጫወት ሐበሻ ብዙ እንደሆነ ስለማውቅ ነው። ቼዝ ባይጫወቱም ግድ የለም፤ የማኅበር ስብሰባ፣ የዕቁብ ዕጣ፣ የለቅሶ ቴሌኮንፈረንስ ሳይቀር ያው ችግር አለበት።

መጀመሪያ ስለ ካርቱም ሰዓት ልንገርዎ፤ ጠማማ ታሪክ አለው። ሱዳን ጥር 6 ቀን 1992 ዓ.ም. እኩለ ቀን ላይ ሰዓቷን በአንድ ሰዓት ወደፊት ገፋች። ሕዝቡ ያን አቆጣጠር «ቡኩር» ይለው ነበር፤ ማልዶ መነሣት እንደማለት ነው። እኔ በ2009 ዓ.ም. አርካዊት ስገባ ቡኩር ገና በሥራ ላይ ነበር። ስለዚህ ካርቱምና አዲስ አበባ አንድ ሰዓት ነበሩ፤ የካርቱሙ 6 ሲል የእኛ 12 ነው፣ ከሰዓቱ ትንሽ እጅ ትይዩ ያለውን ቁጥር ማንበብ ብቻ ይበቃል። ሐበሻ ሁሉ ይህን በዓይኑ ይሠራዋል። ከዚያ ጥቅምት 22 ቀን 2010 ዓ.ም. ሱዳን ቡኩርን ጣለችና ወደ ቀድሞው ተመለሰች። የካርቱም ቀትር ከፀሐይዋ ጋር ታረቀ፤ ከእኛ ጋር ግን ተጣላ።

ከዚያ ወዲህ ካርቱም ያለው ሐበሻ ለሁለት ተከፈለ። አንዱ ወገን በግድግዳው ሰዓት ላይ የአዲስ አበባን ሰዓት ይዞ ቀረ፤ ከቤተሰብ ጋር በስልክ የሚያወራበት፣ በሬዲዮ ዜና የሚሰማበት ነውና። ሌላው ከካርቱም ፀሐይ ጋር ተስማማ። ጅሬፍ ሰፈር ያለ ዘመድ «ነገ 3 ሰዓት ና» ሲለኝ የየትኛው ወገን እንደሆነ ቀድሜ ማወቅ ነበረብኝ። ዝመና ያላገኙ የቆዩ ስልኮች ደግሞ በቡኩር እንደጸኑ ቆዩ።

ቀኑም ቢሆን የተረጋጋ አይደለም። እኛ «ቅዳሜ ሌሊት» ስንል አንዱ ዓርብ አልፎ ቅዳሜ ሊነጋ ሲል ነው ይላል፣ ሌላው ቅዳሜ መሽቶ ነው ይላል። ዐረቦች በቆየው ልማዳቸው የእሑድ ሌሊት የሚሉት የእሑድን ዋዜማ፣ ቅዳሜ ማታን ነው። አባቶቻችን ለዚህ «ለእሑድ አጥቢያ» የሚል ቃል ትተውልናል፤ ከየትኛውም የስልክ ካላንደር የተሻለ ጥርት ያለ ነው፣ ግን ቀጠሮ ስንጽፍ ማናችንም አንጠቀምበትም። «በ5 እንጫወት» የሚል መልእክት ላይ ደግሞ 5 የጥቅምት ይሁን የኦክቶበር መጣራት አለበት።

ያን ቅዳሜ ከተሸነፍን በኋላ ካፒቴናችን ወረቀትና እስክሪብቶ ይዞ ተቀመጠ። አራት ከተሞችን የሚያገናኝ አንድ ደህና ሰዓት ፍለጋ ነው። ዋሽንግተንና ሜልበርን ሐምሌ ላይ 14 ሰዓት ይራራቃሉ። ጥር ላይ ግን 16 ይሆናል፤ አሜሪካኖቹ በኖቬምበር መጀመሪያ ሰዓታቸውን ወደ ኋላ ሲመልሱ፣ ሜልበርኖች ቀደም ብለው በኦክቶበር የመጀመሪያ እሑድ ወደፊት ገፍተውታልና። የአንዱ በጋ የሌላው ክረምት ነው። አዲስ አበባና ካርቱም በመካከል ሳይንቀሳቀሱ ይቆማሉ፤ የሚንቀሳቀሰው ሌላው ነው፣ ግራ የሚጋባው ግን እኛ ነን።

ካፒቴናችን ብዙ ሰርዞ ደልዞ አገኘው፤ አዲስ አበባ ከቀኑ 9 ሰዓት። ሐምሌ ላይ ያ ሰዓት በየሀገሩ ፀሐይ፣ በእኛው አቆጣጠር፣ ዋሽንግተን ከጠዋቱ 2፣ ካርቱም ከቀኑ 8፣ ሜልበርን ከምሽቱ 4 ነው። ማንም አይተኛም፣ ማንም ከእንቅልፉ አይነሣም። በሒሳብ እንከን የለውም። አጨበጨብን።

አርካዊት ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ግን ከህረባ አልነበረም።

ከህረባ በካርቱም የነበርን ሐበሾች መብራት የምንልበት ቃል ነው፤ ከአማርኛው ይልቅ አፋችን ላይ የቀለለ ሆኖ ቀረ። ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በሚያልፍበት ወራት፣ ከተማው ሁሉ ማቀዝቀዣ ሲከፍት፣ መብራት በፈረቃ ይሆን ነበር። እኛ ሰፈር ፈረቃው ብዙ ጊዜ ቀትርን ተከትሎ ይመጣ ነበር። ራውተሩ ይሞት፣ ስልኬም ሙቀቱን አልችል ብሎ ይጠፋ ነበር። ሁለት ጊዜ ከቤት ወጥቼ ከሲት ሻይ፣ ማለት ከዛፍ ጥላ ሥር ሻይ ከምታፈላ እኅት ዘንድ፣ በሞባይል ዳታ ተጫውቻለሁ። አንዱን አሸነፍኩ። ሁለተኛው ላይ ፈረስ ልሠዋ ስል ኔትወርኩ ጠፍቶ ሰዓቴ አለቀ።

መጀመሪያ ነገሩን ለቡድኑ ለመንገር አፈርኩ። ሦስቱ ለእኔ ብለው ሰዓት ይቀይሩ? በመጨረሻ ስነግራቸው ከሐፍረቱ ያላቀቀኝ የሜልበርኑ ልጅ ነው። እሱ እንቅልፉን ማጣት እንደሚችል፣ እኔ ግን ከህረባ ማምጣት እንደማልችል ጻፈ። ከዚያ ወዲህ ሕጋችን ይህ ሆነ፤ ሰዓቱን መጀመሪያ የሚመርጠው ምርጫ የሌለው ሰው ነው። የተቀረነው በተራ እንቅልፋችንን እንከፍላለን፤ አንድ ሳምንት ሜልበርን ያመሻል፣ አንድ ሳምንት ዋሽንግተን ጎሕ ሳይቀድ ይነሣል። ቀጠሮ የሚይዙ ሰዎች ሁሉ መካከለኛውን ሰዓት መፈለጋቸው አይገርመኝም። መካከለኛው ሰዓት ግን ሁሉም ሰው መብራት ያለው መስሎት የተሠራ ሒሳብ ነው።

ይህ የእኛ የድኻ ቡድን ችግር ብቻ አይምሰልዎ። በዚያው ክረምት የዓለም ቼዝ ፌዴሬሽን፣ ፊዴ፣ የመጀመሪያውን የኦንላይን ኦሊምፒያድ ከ160 በላይ በሆኑ ቡድኖች መካከል አካሂዶ ነበር። ነሐሴ 24 ቀን 2012 ዓ.ም. ሕንድና ሩሲያ ለፍጻሜ ደረሱ። በጨዋታው መካከል ሁለት ሕንዳውያን ከሰርቨሩ ተቆርጠው ሰዓታቸው አለቀ። ፊዴም ወርቁን ለሁለቱም ሀገሮች ሰጠ። ይህ ፍርድ ብዙ ክርክር አስነሥቷል፤ እኔ ግን ከሲት ሻይ ወንበሬ ላይ ሆኜ ልክ ነው ብያለሁ። ከዚያም ወደ ኋላ ቢሄዱ፣ እ.ኤ.አ. በ1945 ሴፕቴምበር መጀመሪያ አሜሪካና ሶቪየት ኅብረት በአሥር ሰሌዳ በሬዲዮ ተጋጥመው ነበር፤ ሶቪየቶች 15½ ለ4½ አሸነፉ። ኒውዮርክና ሞስኮ ያን ጊዜ በ7 ሰዓት ይራራቁ ነበር፤ ዛሬ በአሜሪካኖቹ በጋ ዋሽንግተንና አዲስ አበባ የሚራራቁትን ያህል ማለት ነው።

የአያቶቻችን ቼዝ፣ ሰንጠረዥ፣ ለዚህ ሁሉ ይቀል ነበር ይሆን እያልኩ አስባለሁ። በሰንጠረዥ መጀመሪያ ላይ፣ ወረራ በሚባለው ክፍል፣ ተራ መጠበቅ የለም፤ ሁለቱም እንዳሻቸው ጠጠራቸውን ያንቀሳቅሳሉ። ተራ የሚገባው አንዱ የሌላውን ጠጠር ሲበላ ነው። የታሪክ ጸሐፊው ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 ስለዚህ ጨዋታ በሰፊው ጽፈዋል። ግን ሰንጠረዥ የሚጫወቱት አንድ ጨርቅ ዙሪያ የተቀመጡ ሰዎች ናቸው፤ ተመልካቹም አጠገብ ሆኖ ይመክራል። የእኛ ጨርቅ ከሜልበርን እስከ ዋሽንግተን ተዘርግቷል።

አንድ ሌላ መላ አለ፤ ሊቼስ ላይ ያለው የ45+45 ሊግ የሚሠራበት ነው። በዚያ ሊግ የቡድን ግጥሚያ ሲባል ሁሉም ባንድ ሰዓት አይቀመጥም። አንድ ዙር አንድ ሳምንት ነው፤ እያንዳንዱ ከተጋጣሚው ጋር ተነጋግሮ በሚመቻቸው ቀንና ሰዓት ይጫወታሉ፣ ነጥቡ ይደመራል። ሞክረነዋል፤ ፎርፌያችን ቀነሰ። ግን ያለ ጓደኞቼ ብቻዬን ማክሰኞ ጠዋት ስጫወት የቡድን ነገር አልመስልህ አለኝ። የጓደኛህ ንጉሥ ሲጨነቅ እያየህ በዋትስአፕ ላይ ዝም ማለት፣ የጨዋታው ግማሽ ጣዕም እሱ ነው። ቡድንዎ ከስምንት ሰው በላይ ከሆነ ይህን ይያዙ፤ አራት ከሆናችሁ ግን እንቅልፍ እየከፈላችሁ አብራችሁ ተቀመጡ ባይ ነኝ።

ኢንተርኔቱ ራሱ የሚዘጋበትን ጊዜ ማንም አያስታርቀውም። ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ውስጥ ሲዘጋ ካፒቴናችን ለሳምንታት ጠፋ። ጥቅምት 15 ቀን 2014 ዓ.ም. በካርቱሙ መፈንቅለ መንግሥት ዕለት ደግሞ ተራው የእኔ ሆነ፤ ከሦስት ሳምንት በላይ።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ቅዳሜ ነበር፤ የግጥሚያችን ቀን። ግን የፋሲካ ዋዜማ ስለሆነ ቀጠሮ አልያዝንም፤ የሰፈሩ ሰው በረመዳን ጾም ላይ ነበር፣ እኛም በሑዳዴው መጨረሻ። ጠዋት ካርቱም ውስጥ የጦርነቱ ተኩስ ተጀመረ። የሆነውን ሁሉ እዚህ አልተርክም። ከሳምንታት በኋላ በገዳሪፍ አድርጌ ገላባት ደረስኩ፤ ትንሿን ድልድይ ተሻግሬ መተማ ስገባ የኢትዮጵያ ሲም ካርድ አስገባሁ። ስልኩ ኔትወርክ ሲይዝ ሰዓቱ በራሱ አንድ ሰዓት ወደፊት ዘለለ።

አሁን ያለሁት ጎንደር ነው። ከካፒቴናችን ጋር አንድ ሰዓት ሆነናል። ግን ዛሬም ቀጠሮ ሲጽፍ አራት ከተማ ይደረድራል፤ «አዲስ አበባ 9፣ ዋሽንግተን 2፣ ሜልበርን 4፣ አርካዊት 8»። እንዳያጠፋው የለመንኩት እኔ ነኝ። አምስተኛ ሰሌዳ ልንከፍት ነው፤ ካርቱም ያሉ አንባቢ ከሆኑና ቼዝ የሚችሉ ከሆነ ይጻፉልን። ደረጃዎን መጻፍ አያስፈልግም። ከህረባ የሚመጣበትን ሰዓት ብቻ ይንገሩን፤ ቀጠሮውን በዚያ እንይዘዋለን።