ልብ ወለድ ማንበብ ሥራ መፍታት ነውን?

ብዙ ወላጆች ከትምህርት መጽሐፍ በቀር ሌላ ማንበብ ሥራ መፍታት ይመስላቸዋል። እናቴም «ፈተናህ ደርሶ ተረት ታነባለህ?» ብላ፥ ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙትን «ፍቅር እስከ መቃብር» ከሣጥን ቈለፈችብኝ። አንድ ምሽት ግን ለምኜ አስከፈትኋትና፥ ምስር ስትለቅም ጥቂት ገጽ ጮኽ ብዬ አነበብሁላት። እርስዋ ፊደል አልቈጠረችም። በማግሥቱ ቁልፉን ራስዋ አምጥታ «በዛብህስ ምን ሆነ?» አለችኝ።

ያን ጊዜ የኔም ጥፋት ታወቀኝ፤ ይኸውም ለብቻዬ ማንበቤ ነው። ፈተናን ችላ እንበል ማለቴ አይደለም። ነገር ግን ተማሪዎች ሆይ፥ ፊደል ላልቈጠረ ቤተ ሰባችሁ በየማታው አንድ ገጽ አንብቡለት። ወላጆቻችንም መጽሐፉን ከመቈለፋችሁ በፊት አንድ ገጽ አስነብባችሁ ስሙን።