የኃይል መጠንና በኤሌክትሪክ የሚያደነዝዘው መሣሪያ

ፖሊስ ጸጥታን ለማስከበር በኃይል የመጠቀም መብት እንዳለው የሚጠራጠር ሰው ያለ አይመስለንም። ሰክሮ ጩቤ የመዘዘ፣ ወንጀል ሠርቶ የሚሸሽ፣ ደካማውን ጥሎ የሚደበድብ ሁሉ በምክር ብቻ የሚመለስ ቢሆን ኖሮ ዱላም ሽጉጥም ባላስፈለገ ነበር። ስለዚህ ሕግ ለፖሊሱ ክንድ ሰጥቶታል። ክርክር የሚነሣው ክንዱ ምን ያህል ይዘርጋ በሚለው ላይ ነው። ይኸውም ክርክር ካለፉት ሃምሳ ዓመታት ወዲህ አንድ አዲስ መሣሪያ ስለ ተጨመረበት መልኩን ለውጧል።

መሣሪያው ቴዘር ይባላል። ጃክ ከቨር የተባለ አሜሪካዊ የፊዚክስ ሊቅ በ1969 ጀምሮ በ1970ዎቹ አጋማሽ ከፍጻሜ ያደረሰው ነው (ዓመቶቹን የምንጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። ስሙን ያገኘው በ1911 ከታተመ የወጣቶች ልብ ወለድ ሲሆን፣ በመጽሐፉ ውስጥ ቶም ስዊፍት የተባለው ባለ ታሪክ የኤሌክትሪክ ጠመንጃ ይዞ ይዘምታል። የመጀመሪያው ዓይነት ቀስቶቹን የሚያስወነጭፈው በባሩድ ስለ ነበር የአሜሪካ መንግሥት ከጠመንጃ ወገን ቆጠረው፤ በዚህም ምክንያት ገበያው ብዙ አልተራመደም። በ1993 ሁለት ወንድማማቾች ያቋቋሙት ኩባንያ ባሩዱን በታመቀ ናይትሮጅን ከተካው በኋላ ግን መሣሪያው በብዙ አገር ፖሊሶች ወገብ ላይ ታየ።

ለመፍረድ አሠራሩን ማወቅ ያስፈልጋል። ቃታው ሲሳብ ሁለት ትንንሽ ቀስቶች ቀጭን ሽቦ እየጎተቱ ይወጡና በልብስ ወይም በቆዳ ላይ ይሰካሉ። በ2003 የወጣው ዓይነት በአንድ ሰከንድ 19 ጊዜ ያህል የሚደጋገም የኤሌክትሪክ ምት ለ5 ሰከንድ ይልካል። የተመታው ሰው ጡንቻው ሁሉ ተኮማትሮ እንደ ተቆረጠ ግንድ ይወድቃል። ብዙ ጊዜ የሚወራው 50,000 ቮልት ብልጭታው አየሩን እንዲሻገር የሚያስፈልገው ነው እንጂ ወደ ሰውነት የሚገባው ከዚያ እጅግ ያነሰ ስለ ሆነ፣ ሰውን እንደ ሥጋ ይጠብሰዋል የሚለው ወሬ ከእውነት የራቀ ነው። አደጋው በሌላ በኩል ይመጣል። ጡንቻው የታሰረበት ሰው ሲወድቅ እጁን ዘርግቶ ራሱን መደገፍ አይችልም፤ አናቱ ከአስፋልት ወይም ከደረጃ ጋር ሲጋጭ የሚገድለው መሬቱ ነው። ቤንዚን የነካው ልብስ በብልጭታው ሊቀጣጠል ይችላል። ስለ ልብም ጥያቄ ተነሥቶ፣ በ2009 አምራቹ ኩባንያ ራሱ ፖሊሶች በደረት ላይ እንዳያነጣጥሩ መክሯል። ደግሞም ሁልጊዜ አይሠራም፤ ወፍራም ካፖርት ቀስቶቹን ሊያግዳቸው ይችላል። በፊት «ገዳይ ያልሆነ» ይባል የነበረው መሣሪያ አሁን «ገዳይነቱ ያነሰ» መባሉ ያለ ምክንያት አይደለም። በቢሮ ለሚሠራ ሰው የአንዲት ቃል ለውጥ ቀላል ነገር አይደለችም፤ ከጀርባዋ አያሌ የአስከሬን ምርመራ አለ።

የሆነ ሆኖ መሣሪያውን በጅምላ መኰነን ፍርደ ገምድልነት ነው። ጩቤ ይዞ ወደ ፖሊሱ የሚሮጥ ሰው ሌላ አማራጭ ከጠፋ የሚጠብቀው ጥይት ነው። ያ ሰው በቴዘር ተመትቶ ወድቆ፣ እጁ ታስሮ፣ ወደ ሐኪም ከዚያም ወደ ዳኛ ቢቀርብ የሁለት ቤተ ሰብ ሐዘን ቀረ ማለት ነው፤ የእሱም የፖሊሱም። መሣሪያው የሽጉጥ ምትክ ሆኖ እስከ ቆየ ድረስ እኛም እናመሰግነዋለን። የምንቃወመው የትዕግሥት ምትክ ሲሆን ነው።

ይህ እንዴት እንደሚሆን በ2005 በካሊፎርኒያ በኮሮናዶ ከተማ የደረሰው ነገር ያሳያል። አንድ የ21 ዓመት ወጣት የመኪና ቀበቶ ባለማሰሩ ፖሊስ አስቆመው። ወጣቱ በራሱ ተናዶ ከመኪናው ወረደና እየተነጫነጨ ጭኑን ይመታ ጀመር። የለበሰው የውስጥ ሱሪና ጫማ ብቻ ስለ ነበር መሣሪያ ሊደብቅበት የሚችል ኪስ እንኳ አልነበረውም፤ ከፖሊሱም ብዙ እርምጃ ርቆ ቆሟል። ፖሊሱ በቴዘር መታው፤ ወጣቱ በፊቱ ተደፍቶ አራት ጥርሱ ተሰበረ። የይግባኙ ፍርድ ቤት ነገሩን መርምሮ ኃይሉ ከመጠን ያለፈ ነበር አለ። ነገር ግን ድርጊቱ በተፈጸመበት ጊዜ ሕጉ በግልጽ አልታወቀም በማለት ፖሊሱን ከካሣ ኃላፊነት ነፃ አወጣው። ለተጎዳው ሰው ይህ ፍርድ ምን ያህል መጽናኛ እንደሆነ ለአንባቢ እንተወዋለን። ያ ፖሊስ ሽጉጥ ብቻ ይዞ ቢሆን ኖሮ በቀበቶ ምክንያት ይተኩስ ነበር? አይተኩስም ነበር። ጥቂት ቆሞ ይጠብቅ፣ ያናግረውም ነበር።

አግባብ ያለው ኃይል ምን እንደሆነ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የተናገረው በ1989 ነው። ነገሩ የተነሣው በኖርዝ ካሮላይና በሻርሎት ከተማ ነው። በ1984 ግራሃም የተባለ የስኳር በሽተኛ ሕመሙ ሲጀምረው የብርቱካን ጭማቂ ለመግዛት ወደ ሱቅ ገባና ሰልፉ ረጅም ስለ ሆነበት ሮጦ ወጣ። ፖሊስ ጠርጥሮ አስቆመው፤ ሌሎችም ደርሰው እጁን የፊጥኝ አሰሩት፤ ጭማቂ ቢመጣለትም ከለከሉት። ሱቁ ውስጥ ምንም ወንጀል እንዳልተሠራ ሲታወቅ ወደ ቤቱ መለሱት፤ እግሩ ግን ተሰብሮ ነበር። ፍርድ ቤቱ የደነገገው ይህን ነው። የፖሊሱ ልብ ክፉ ነበር ወይስ ቅን ነበር ብሎ መጠየቅ አይበቃም፤ በዚያ ቦታ፣ በዚያች ደቂቃ የቆመ ምክንያታዊ ፖሊስ እንዲህ ያደርግ ነበር ወይ ተብሎ ይመዘን። የተጠረጠረው ወንጀል ክብደቱ ምን ያህል ነው? ሰውዬው አሁኑኑ ሰውን የሚጎዳ ነው? በእርግጥ ይታገላል ወይስ ይሸሻል? ፍርዱም ሁሉም ካለፈ በኋላ በሰፊ ጊዜ ወንበር ላይ ተቀምጠው በሚያዩት ዓይን እንዳይሆን አሳሰበ።

ይህ የመጨረሻው ማሳሰቢያ ለፖሊሱ ተገቢ ጥበቃ ነው፤ በጨለማ ውስጥ በሁለት ሰከንድ የሚወሰነውን ነገር በብርሃን ሁለት ዓመት የሚመረምር ሰው ጥንቃቄ ያስፈልገዋልና። ነገር ግን ሁለቱን ሰከንድ ያመጣው ራሱ ፖሊሱ ሲሆንስ?

በጥቅምት 1957 ሳይሆን በቅርቡ ዘመን፣ በኦክቶበር 2007 አንድ የፖላንድ ተወላጅ ከእናቱ ጋር ለመኖር ወደ ካናዳ መጣ። ሮበርት ጄካንስኪ ይባላል፤ ዕድሜው 40 ነበር፤ እንግሊዝኛ አያውቅም። በቫንኩቨር አውሮፕላን ማረፊያ ውስጥ መውጫው ጠፍቶት አሥር ሰዓት ያህል ቆየ። እናቱ በሌላው በኩል ስትጠብቅ ውላ ልጅሽ እዚህ የለም ተብላ ተመለሰች። ሰውዬው ደክሞት፣ ግራ ገብቶት፣ ወንበርና ጠረጴዛ ያንቀሳቅስ፣ ዕቃም ይወረውር ጀመር። አራት ፖሊሶች ገቡ። በገቡ በግማሽ ደቂቃ ውስጥ በቴዘር መቱት፤ ምቱ አምስት ጊዜ ተደጋገመ። በእጁ የተገኘው ወረቀት መስፊያ፣ ማለት የቢሮ ስቴፕለር ነበር። እዚያው ወለሉ ላይ ሞተ። አስተርጓሚ የጠራለት አልነበረም። የፖሊስ ቃል አቀባይ የሰጠው መግለጫም አንድ መንገደኛ ካነሣው ፊልም ጋር ሳይስማማ ቀረ። ጉዳዩን የመረመረው ዳኛ ብሬድዉድ በ2010 ባወጣው ዘገባ መሣሪያውን መጠቀም አግባብ አልነበረም አለ፤ ከፖሊሶቹም ሁለቱ ከዚያ በኋላ በሐሰት ምስክርነት ተፈረደባቸው።

ይኸው ዳኛ በ2009 ለወደፊቱ ያቀረበው ሐሳብ ለማንኛውም መመሪያ ጸሐፊ የሚጠቅም ነው። ሰውዬው ጉዳት እያደረሰ ወይም ሊያደርስ የተቃረበ ካልሆነ፣ ያነሰ ኃይልም ሆነ ማረጋጋት የማይጠቅም መሆኑ ካልታወቀ በቀር ቃታው አይሳብ ይላል። የብሪቲሽ ኮሎምቢያ ክፍለ ሀገር መንግሥት ተቀበለው።

ከዚያ ወዲህ ዓለም ሁሉ ተማረ ለማለት ግን አይቻልም። በሜይ 2023 በአውስትራሊያ በኩማ ከተማ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ክሌር ኖውላንድ የተባሉ የ95 ዓመት አሮጊት የማዕድ ቢላዋ ይዘው አላስቀምጥ አሉ። አእምሯቸውን የመርሳት በሽታ ይዞት ነበር፤ የሚንቀሳቀሱት በመደገፊያ ነው፤ ክብደታቸው 50 ኪሎ አይሞላም። የተጠራው ፖሊስ ሦስት ደቂቃ ሳይሞላ ትዕግሥቱ አለቀና ተኰሰባቸው። ወድቀው ጭንቅላታቸውን ተመቱ፤ ከሳምንት በኋላ ሞቱ። ፖሊሱ በ2024 ሰው በመግደል ጥፋተኛ ተባለ፤ በ2025 ቅጣቱ ሲነገር ግን ወኅኒ አልወረደም። በእኛ አገር አያት ቢላዋ ይዛ ብትቆጣ የቤቱ ሰው ሁሉ ምን እንደሚያደርግ ይታወቃል፤ በሩን ገርበብ አድርጎ፣ «እማማ፣ ቡና ፈልቷል» ብሎ ይጠብቃታል።

በኃይል ልክ ውስጥ ጊዜም አለበት። ዴልየን አትኪንሰን በ1994 በእንግሊዝ የሊግ ዋንጫ ፍጻሜ ለአስተን ቪላ በማንቸስተር ዩናይትድ ላይ ግብ ያገባ እግር ኳስ ተጫዋች ነበር። በኦገስት 2016 በቴልፎርድ፣ ታምሞና አእምሮው ተረብሾ ሳለ፣ በአባቱ ቤት ደጃፍ ፖሊሶች ቴዘር ተኰሱበት። ሁለቱ አልሠሩም፤ ሦስተኛው ሠራ፤ ቃታው ግን ለ33 ሰከንድ አልተለቀቀም። የተለመደው 5 ሰከንድ ነው። ከወደቀም በኋላ በጫማ ጭንቅላቱን ተመታ። ፖሊሱ በ2021 ሰው በመግደል ወንጀል 8 ዓመት ተፈረደበት። የመጀመሪያዎቹን 5 ሰከንዶች ማንም ሊከራከርባቸው ይችል ይሆናል፤ ስለ ቀሩት 28 ሰከንዶች ግን የሚናገር ጠበቃ ማግኘት ያስቸግራል።

የእኛም ወገን በዚህ ነገር ውስጥ አልታጣም። በ2014 በእስራኤል አገር በቢንያሚና አንድ ኢትዮጵያዊ ተወላጅ ወጣት በፖሊስ በዚሁ መሣሪያ ተመታ፤ ቤተ ሰቡ አቤቱታ አቀረበ፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ወጣቱ ሞቶ ተገኘ። በ2015 አንድ ቤተ እስራኤላዊ ወታደር ሲደበደብ የሚያሳይ ፊልም ወጥቶ ሰልፍ በተነሣ ጊዜ ሰልፈኞቹ የዚህንም ወጣት ነገር ያነሡ ነበር። «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» የሚለው ተረት ባሕር ተሻግሮም አልተረሳም።

በአገራችን የኃይል ልክ በሕግ የተጻፈው ትናንት አይደለም። በ1954 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ሥነ ሥርዓት በ56ኛው አንቀጽ፣ የሚያዘው ሰው በኃይል ቢቃወም ወይም ሊያመልጥ ቢሞክር ፖሊሱ ከሁኔታው ጋር በሚመጣጠን መንገድ ሁሉ ሊጠቀም እንደሚችል ይናገራል። «ተመጣጣኝ» የሚለው ቃል ከመጠን የወጣ ነው፤ መጠን ደግሞ መስፈሪያ ይፈልጋል። ቁና በሌለበት እህል ተሰፈረ ማለት እንደማይቻል ሁሉ፣ ዝርዝር መመሪያ በሌለበት ኃይል ተመጠነ ማለት ያስቸግራል። ከዚያ በፊትም አባቶቻችን «በሕግ አምላክ!» የሚል ቃል ነበራቸው፤ በዚያ ቃል የቆመ ሰው ብዙ ነው። (ጅራፍም እንደ ነበራቸው አንዘነጋም፤ ያለፈውን ዘመን ማር ብቻ አድርጎ መሣል አያስፈልግም።) ቃሉ የሚሠራው ግን ጠሪው ራሱ ከሕጉ በታች መሆኑ ሲታመን ነው።

ዛሬ በትምህርት ቤት ያሉት ወጣቶችና በየመሥሪያ ቤቱ የተቀመጡት ወጣት ሹማምንት ነገ እንዲህ ያለውን መመሪያ የሚያረቁት እነርሱ ናቸው። በ1990 በሃቫና የተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ ያጸደቀው መሠረታዊ ደንብ፣ ኃይል ከመነሣቱ በፊት ኃይል የሌለበት መንገድ ይሞከር፣ እንዲህ ያሉት መሣሪያዎችም ከመታደላቸው በፊት በጥንቃቄ ይመርመሩ ይላል። በዚህ ላይ እኛ የምንጨምረው አለን። መሣሪያው አልታዘዝ ባለ ሁሉ ላይ እንዳይውል፣ ሰውን ሊጎዳ በተቃረበ ላይ ብቻ እንዲሆን በግልጽ ቃል ይጻፍ፤ «እንደ አስፈላጊነቱ» የሚባለው ሐረግ ከዚህ ገጽ ይሰረዝ። የታሰረ ሰው፣ ነፍሰ ጡር፣ ሕፃን፣ አረጋዊ፣ ከፍ ካለ ቦታ ላይ የቆመ ሰው በስም ተጠቅሰው ይለዩ። ሁለተኛ ጊዜ ቃታ መሳብ የራሱ ምክንያት ይቅረብለት። ሽጉጡና ቴዘሩ በአንድ ወገን አይታጠቁ፤ በ2021 በሚኒሶታ አንዲት ፖሊስ ቴዘር ያወጣሁ መስሎኝ ብላ በሽጉጥ ወጣት ገድላለች፤ ቴዘሩ በሌላው ጎኗ ታጥቃ ሳለ ይህ ከደረሰ፣ ልምምዱ በዓመት አንድ ቀን የሚሆን አይደለም። የተመታ ሰው ሁሉ፣ ደኅና ነኝ ቢልም፣ ሐኪም ይየው።

ደግሞም መሣሪያው ቃታው የተሳበበትን ሰዓትና የቆየበትን ሰከንድ በውስጡ ይመዘግባል። የአትኪንሰን 33 ሰከንድ የታወቀው ከዚያ መዝገብ ነው። መዝገቡን የሚከፍተው ማን እንደሆነ፣ በስንት ቀን ውስጥ እንደሚከፍተው፣ ለማን እንደሚያስተላልፈው በመመሪያው ይወሰን፤ የሚከፍተውም ሰው ተኳሹ ከሚሠራበት ጣቢያ አዛዥ ሌላ ይሁን።