ሃይማኖትን ሽፋን ያደረገ ግጭትና ድንበር ተሻጋሪ ጉዳቱ

ሚያዝያ 18 ቀን 2014 ዓ.ም. በጎንደር ከተማ በቀብር ሥነ ሥርዓት ወቅት የተቀሰቀሰው ግጭት ሁለት መስጊዶችን ለቃጠሎ ዳረገ። መነሻው የመቃብር ቦታ ይገባኛል ባይነት፣ ማለትም በአስተዳደርና በሽምግልና ሊቋጭ የሚችል የመሬት ጉዳይ ነበር። ከሁለት ቀናት በኋላ ግን በስልጤ ዞን አምስት አብያተ ክርስቲያናት መቃጠላቸው ተዘገበ። ሚያዝያ 29 ቀን የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብቶች ከፍተኛ ኮሚሽነር ሚሼል ባችሌት ባወጡት መግለጫ ቢያንስ 30 ሰዎች መሞታቸውንና ከ100 በላይ መቁሰላቸውን የሚያመለክቱ ሪፖርቶችን ጠቀሱ።

ስልጤ ያኔ ከወላይታ ጋር በአንድ ክልል ይተዳደር ነበር፤ ለወላይታ ሶዶም ሆነ ለኪንዶ ኮይሻ ወረዳዋ ቤሌ ጉዳዩ የሩቅ ወሬ አልነበረም። የስልጤ ክርስቲያኖች በጎንደሩ ግጭት እጃቸው የለበትም፤ ዕዳውን የከፈሉት ግን እነርሱ ናቸው። ግጭቱን ከከተማ ከተማ ያሻገረው የጥቂቶች ወንጀል የአማኞች ሁሉ ጥፋት ተደርጎ መቆጠሩ ነው።

ሚያዝያ 2007 ዓ.ም. የሆነው ከዚህ ይለያል። አይ ኤስ በሊቢያ ኢትዮጵያውያን ክርስቲያኖችን በግፍ ሲገድል የጸጥታው ምክር ቤት አባላት ድርጊቱን አወገዙ፤ በሀገር ውስጥም የሦስት ቀናት ብሔራዊ ሐዘን ታወጀ። ገዳዮቹ እምነትን ከእምነት ለማጋጨት ቢሹም፣ ሙስሊሙ ከክርስቲያን ወገኑ ጋር አብሮ አዘነ፤ ወንጀሉም የወንጀለኞቹ ብቻ ሆኖ ቀረ። ባችሌት በ2014ቱ ግጭት ፈጣንና ገለልተኛ ምርመራ ተካሂዶ አጥፊዎች በሕግ እንዲጠየቁ ማሳሰባቸውም ከዚሁ ጋር የሚያያዝ ነው።