ትከሻ ገጥመን ስም ሳንጠያየቅ



ባለፈው ሴሚስተር አንድ ፍሬሽ ወንድማችን ታሞ ሦስት ቀን ዶርሙ ውስጥ ተኛ። በጀመዓችን ቴሌግራም ስሙ አለ፤ ጁምዓም ከጎናችን ሶፍ ይዞ ይሰግድ ነበር። መቅረቱን ግን አንዳችንም ልብ አላልንም። ያስታመሙት ሙስሊም ያልሆኑ የዶርም ልጆች ናቸው፤ አላህ መልካሙን ይመንዳቸው። እኛ ግን አፈርን።

ክፉዎች ስለሆንን አይመስለንም። እንግሊዛዊው ሮቢን ደንባር እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ እዚሁ ስሜን ተራሮች ላይ ጭላዳ ዝንጀሮዎችን አጥንቷል። ጭላዳዎች በመቶዎች ሆነው አብረው ሣር ይግጣሉ፤ የሚቀማመሉት ግን በየትንሹ ቤተሰባቸው፣ ያውም ከጥቂቶች ጋር ነው። ደንባር በ1992 ባወጣው ጽሑፍ የጦጣና የዝንጀሮ ዓይነቶችን አነጻጽሮ፣ ኒዮኮርቴክስ የሚባለው የአንጎል ውጫዊ ክፍል ከቀሪው አንጎል አንጻር ሲተልቅ አብረው የሚኖሩበት ቡድንም እንደሚበዛ አሳየ። በዚሁ ስሌት ለሰው ልጅ 150 ገደማ አገኘ፤ በኋላም ከእነዚህ መካከል የልብ የምንላቸው 5 ያህል ብቻ ናቸው አለ። ቁጥሩ አከራካሪ ነው፤ በ2021 የስዊድን ተመራማሪዎች በዚህ ስሌት አንድ ቁጥር መቁረጥ አይቻልም ብለዋል። ጊዜያችንና ትኩረታችን ወሰን እንዳላቸው ግን ሁላችንም በራሳችን እናውቀዋለን።

ይህ ሰበብ አይሆነንም። ሱረቱል ሑጁራት 13ኛው አንቀጽ ሕዝብና ጎሳ የተደረግነው እንድንተዋወቅ መሆኑን ያስተምረናል። ነቢያችንም (ሰ.ዐ.ወ) ለምናውቀውም ለማናውቀውም ሰላምታ እንድንሰጥ አዘዋል። አንድ አሚር መቶ ሰው መከታተል ካልቻለ ሥራውን መከፋፈል ነው። ምህንድስና የምንማር ልጆች ይህን እናውቃለን፤ ለአንድ ምሰሶ የከበደ ጭነት ለብዙ ምሰሶዎች ይካፈላል።

ስለዚህ ጀመዓችን አምስት አምስት ሆኖ ይመደብ እንላለን፤ ወንድሞች ከወንድሞች፣ እህቶች ከእህቶች። አምስቱ በሳምንት አንዴ አብረው ይብሉ፤ የቀረውን ዶርሙ ድረስ ሄደው ይጠይቁ። "ይህማ መከፋፈልን ያመጣል" የሚሉ አሉ። ስጋታቸው እውነት ነው፤ ዛሬም ቢሆን ካፌ ስንገባ የአገር ልጅ ከአገር ልጁ፣ የዲፓርትመንት ልጅ ከዲፓርትመንቱ ነው የሚቀመጠው። ለዚህም ነው ምደባው ወሎዬውን ከጎንደሬው፣ የጅማውን ከአዲስ አበባው፣ ፍሬሹን ከጂሲው የሚያቀላቅል መሆን ያለበት።

እስከዚያው ግን ምደባ አንጠብቅ። የፊታችን ጁምዓ አሰላምተን ስንጨርስ፣ በቀኝና በግራችን ያለውን ሰው ስሙንና ዶርሙን ጠይቀን እንነሣ።

ወላሁ አዕለም።