ሊገታ የተፈለገው ርዕዮተ ዓለም ነበር ወይስ ወደብ?

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ አንሥቶ ሶቪየት ኅብረት እስከ ፈረሰችበት እስከ 1991 ድረስ የዓለምን ፖለቲካ የመራው ዋነኛ ቅራኔ በሁለቱ ልዕለ ኃያላን መካከል የተካሄደው ፉክክር እንደነበረ የሚያከራክር አይደለም። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ዓመተ ምሕረት ካልተባሉ በስተቀር፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በአንድ ወገን ዋሽንግተን የኮሚኒዝምን መስፋፋት የመግታት መርሕ አንግባ ተሰለፈች። በሌላው ወገን ሞስኮ የወዛደራዊ ዓለም አቀፋዊነት ግዴታዬን እወጣለሁ ብላ ተሰለፈች። ሁለቱም አንደበታቸው ስለ ሐሳብ ነበር። ይሁን እንጂ የአንድ መርሕ እውነተኛ ባሕርይ የሚታወቀው በሚያውጀው ቃል ሳይሆን በተጨባጭ በሚሠራው ሥራ ነው። ለዚህም ምርመራ ከአፍሪካ ቀንድ የተሻለ ሥፍራ በቀላሉ አይገኝም።

የመግታት መርሕ ጠንሳሽ ተብሎ የሚታወቀው አሜሪካዊው ዲፕሎማት ጆርጅ ኬናን ነው። በ1946 ከሞስኮ ወደ ዋሽንግተን በላከው ረጅም ቴሌግራም፣ በ1947ም «ኤክስ» በሚል የብዕር ስም ፎሪን አፌርስ በተባለው መጽሔት ባወጣው ጽሑፍ፣ የሶቪየት ኃይል በትዕግሥትና በጽናት ከተገታ ውሎ አድሮ በውስጣዊ ቅራኔው እንደሚዳከም ተከራከረ። በዚያው ዓመት ፕሬዚዳንት ትሩማን ለግሪክና ለቱርክ 400 ሚሊዮን ዶላር እንዲሰጥ ምክር ቤታቸውን ጠየቁ። ኬናን በኋላ ዘመኑ ደጋግሞ እንዳስረዳው፣ ያሰበው ግታት በዋነኛው ፖለቲካዊ ነበር። ነገር ግን በ1950 ብሔራዊ የጸጥታ ምክር ቤቱ ባዘጋጀው ሰነድ ቁጥር 68ና በዚያው ዓመት በፈነዳው የኮሪያ ጦርነት ምክንያት መርሑ ወታደራዊ ልብስ ለበሰ። ከዚያ ወዲህ ዓለም በካርታ ላይ እንደተነጠፈ የሰንጠረዥ ገበታ ይቆጠር ጀመር።

ኢትዮጵያም ወደዚህ ገበታ የገባችው ገና በማለዳው ነው። በ1951 የቃኘው ሻለቃ ጦር ኮሪያ ደረሰ። በዚያ ሩቅ ምድር ከ120 በላይ ኢትዮጵያውያን ወታደሮች ወደቁ። ጀግንነታቸውን ማንም አይክደውም። በ1953 ደግሞ አዲስ አበባና ዋሽንግተን ሁለት ስምምነቶችን ተፈራረሙ። አንደኛው የጦር መሣሪያ እርዳታን የሚመለከት ሲሆን፣ ሁለተኛው አሜሪካ በአሥመራ የሬዲዮ መገናኛና የመጥለፊያ ጣቢያዋን ለ25 ዓመታት እንድትጠቀም የሚፈቅድ ነበር። ያም ጣቢያ «ቃኘው» ተባለ፤ በኮሪያ የዘመተው ጦርና በአሥመራ የቆመው የጆሮ ጣቢያ አንድ ስም ተሸከሙ። ንጉሠ ነገሥቱ ዘመናዊ ሠራዊት አገኙ፤ አሜሪካም ከቀይ ባሕር አፋፍ ሆና የባላጋራዋን ድምፅ የምታዳምጥበት ከፍታ አገኘች።

በወሰን ማዶ የሆነውም የዚሁ ግልባጭ ነበር። በ1969 በመፈንቅለ መንግሥት ሥልጣን የያዘው ዚያድ ባሬ በማግሥቱ ዓመት ሳይንሳዊ ሶሻሊዝምን አወጀ። በ1974 ከሞስኮ ጋር የወዳጅነትና የትብብር ውል ፈረመ። የሶቪየት ባሕር ኃይል በበርበራ ወደብ መገልገያ አገኘ። በ1975 የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስትር ሽሌሲንገር የበርበራን የአየር ላይ ፎቶግራፎች ለሴኔት አቅርበው፣ ሶቪየቶች እዚያ የሚሳይል ማከማቻ ሠርተዋል ሲሉ አስጠነቀቁ። እንግዲህ አንደኛው አሥመራን ይዟል፤ ሁለተኛው በርበራን ይዟል። የገበታው አሰላለፍ የተስተካከለ ይመስል ነበር።

የ1966 ዓ.ም. የየካቲት አብዮት ይህን አሰላለፍ አናጋው። እዚህ ላይ አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባ አንድ ጉዳይ አለ። ደርግ በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. ሶሻሊዝምን ካወጀ በኋላ እንኳ የአሜሪካ የጦር መሣሪያ ወደ ኢትዮጵያ መግባቱን አላቆመም፤ እንዲያውም ኤፍ-5ኢ የተባሉት ተዋጊ አውሮፕላኖች የደረሱት ከዚያ ወዲህ ነው። መርሑ በእርግጥ ርዕዮተ ዓለምን ለመግታት የቆመ ቢሆን ኖሮ ይህ ሊሆን ባልተገባው ነበር። በ1977 መጀመሪያ የካርተር አስተዳደር የሰብዓዊ መብት ጥሰትን ምክንያት አድርጎ እርዳታውን ቀነሰ። በአገር ውስጥ ደም ይፈስ ስለነበር ምክንያቱ ሐሰት አልነበረም። ነገር ግን በዚያን ጊዜ የሳተላይት ቴክኖሎጂ ቃኘውን ዋጋ እያሳጣው፣ የውሉም ዘመን እያለቀ እንደነበር መዘንጋት አይገባም። በሚያዝያ 1977 ደርግ ቃኘውንና ሌሎች የአሜሪካ መሥሪያ ቤቶችን ዘጋ። በግንቦት ሊቀ መንበር መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ሞስኮ ነበሩ።

ሞስኮ ሁለቱንም አገሮች በአንድ እጅ ለመያዝ ተመኝታ ነበር። ፊደል ካስትሮ በመጋቢት 1977 ሁለቱን መሪዎች በኤደን አገናኝቶ ኢትዮጵያ፣ ሶማሊያና ደቡብ የመን በአንድ ፌዴሬሽን እንዲጠቃለሉ ሐሳብ አቀረበ። ዚያድ ባሬ አልተቀበለውም። ሁለት መንግሥታት አንድ ርዕዮተ ዓለም እያወጁ፣ ከአንድ ምንጭ ምክር እየተቀበሉ፣ የኦጋዴን ጥያቄ ግን ከመጽሐፉ በላይ ሆነባቸው። በሐምሌ 1977 የሶማሊያ መደበኛ ጦር ወሰን ጥሶ ገባ፤ በመስከረም ጅጅጋ ተያዘች።

ከዚያ በኋላ የሆነው በቀዝቃዛው ጦርነት ታሪክ ውስጥ አቻ የሚገኝለት አይመስልም። በኢትዮጵያ ሰማይ ላይ ኢትዮጵያውያን አብራሪዎች አሜሪካ ሠራሽ በሆኑት ኤፍ-5 አውሮፕላኖች ሶቪየት ሠራሽ የሆኑትን የሶማሊያ ሚጎች ይጥሉ ነበር። በኅዳር 1977 ዚያድ ባሬ የሶቪየት አማካሪዎችን አባረረ፤ ውሉንም ሰረዘ። ብዙም ሳይቆይ በሶቪየት የአየር ድልድይ ታንክና መድፍ ወደ ኢትዮጵያ ጎረፈ፤ 15,000 ያህል የኩባ ወታደሮችም መጡ። ትናንት ሞቃዲሾ የነበሩ አማካሪዎች ዛሬ አዲስ አበባ ተገኙ። የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. ጅጅጋ ነፃ ወጣች። በ1980 ደግሞ ዋሽንግተን ከዚያው ከዚያድ ባሬ ጋር ተፈራርማ በርበራን የመጠቀም መብት አገኘች። ሽሌሲንገር የሶቪየት መደገፊያ ብለው ፎቶግራፉን ያሳዩት ወደብ በአምስት ዓመት ውስጥ የአሜሪካ መገልገያ ሆነ ማለት ነው።

ታዲያ የተገታው ምንድነው? የዚያድ ባሬ ሶሻሊዝም በ1980 ከ1975 አልቀነሰም፤ የዋሽንግተን ዓይን ግን ተለወጠ። ሞስኮም ብትሆን አብዮታዊት ወዳጄ ያለቻትን አገር ለሌላ አብዮታዊት ወዳጅ ስትል የተወችው በመጽሐፍ ተመርታ አልነበረም፤ የሕዝብ ብዛትን፣ የመሬት ስፋትንና የባሕር በርን መዝና ነው። በሁለቱም ወገን ርዕዮተ ዓለም ባንዲራ ሆኖ ተውለበለበ፤ የጉዞው አቅጣጫ የተቀየሰው ግን በወደብና በጣቢያ ነው።

ሁለት ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሣሩ ነው ይባላል። ይህ አባባል ግማሽ እውነት ነው። የቀንዱ ገዢዎች ዝም ብለው የተረገጡ ሣር አልነበሩም። ንጉሠ ነገሥቱ የቃኘውን ዋጋ አሳምረው ያውቁ ነበር፤ ዚያድ ባሬ በርበራን ሁለት ጊዜ ለሁለት ገዢ አቅርቧል፤ ደርግም የሚሰጠውን ድጋፍ በሚሰጠው ወገንተኝነት መዝኗል። የኃያላኑ ፉክክር ለአካባቢው ገዢዎች መሣሪያ የሚሸመትበት ገበያ ሆነላቸው። በእውነት ሣር ሆኖ የተረገጠው ሰፊው ሕዝብ ነው።

የዚህን ገበያ ዋጋ ለመረዳት 1988ን ማስታወስ ይበቃል። በዚያ ዓመት ሚያዝያ ላይ መንግሥቱና ዚያድ ባሬ ታርቀው አንዱ የሌላውን ተቃዋሚዎች እንዳይረዳ ተስማሙ። እርቁ ግን መድፉን ከወሰን ወደ ውስጥ አዞረው። ዚያድ ባሬ የራሱን ከተማ ሐርጌሳን በአውሮፕላን ደበደበ፤ አውሮፕላኖቹ የተነሡትም ከዚያው ከተማ አየር ማረፊያ ነው። በዚያው ዓመት ሰኔ ደግሞ የኢትዮጵያ አየር ኃይል ሚጎች በገበያ ቀን የሐውዜንን ሕዝብ ደበደቡ። ወሰን ለመጠበቅ ተብሎ የተጠራቀመ መሣሪያ በወሰን ውስጥ ባለው ዜጋ ላይ ተተኮሰ። ያስታጠቁት ኃያላንም መሣሪያው በማን ላይ እንደሚተኮስ መጠየቅ የፉክክሩ ደንብ አልነበረም።

አንዳንድ ወገኖች፣ የመግታት መርሕ በመጨረሻ ድል አድርጓል፤ ሶቪየት ኅብረት ፈርሳለች ይላሉ። በምዕራብ አውሮፓ መርሑ የማርሻልን የመልሶ ግንባታ እርዳታና የሕዝብ ምርጫን አስከትሎ ስለ መጣ ክርክሩ መሠረት የለውም አይባልም። ወደ ቀንዱ ግን በቀዳሚነት የመጣው መሣሪያ ነው። ሌሎች ደግሞ፣ የሶቪየትና የኩባ እርዳታ ባይኖር የ1970 ዓ.ም. ወረራ ባልተመከተ ነበር ይላሉ። እርዳታው ወሳኝ መሆኑ፣ በካራማራ የወደቁትም ኢትዮጵያውያንና ኩባውያን ክብር የሚገባቸው መሆኑ አይካድም። ሆኖም የተወረረ ሕዝብ ራሱን የመከላከል መብት አንድ ነገር ነው፤ የረዳው ኃያል መንግሥት ስሌት ሌላ ነገር ነው። ሁለቱን አደባልቆ ማየት ስህተት መሆኑ በ1991 ተረጋገጠ። በጥር ዚያድ ባሬ ከሞቃዲሾ ወጣ፤ በግንቦት መንግሥቱ ከአዲስ አበባ ወጣ፤ በታኅሣሥ ሶቪየት ኅብረት ራሷ አበቃች። አጥሩና አጥር ጣሹ በአንድ ዓመት ውስጥ ገበታውን ሲለቁ የወሰን፣ የብሔረሰብና የዳቦ ጥያቄ ግን ከሥፍራው አልተነሣም።

ዛሬ በጅቡቲ ምድር የአሜሪካ፣ የፈረንሳይ፣ የጃፓንና የቻይና ጦር ሠፈሮች እርስ በርሳቸው ሳይራራቁ ይገኛሉ፤ የቻይናው የተከፈተው በ2017 ነው። የፉክክሩ ቋንቋ ተለውጧል፤ ኮሚኒዝምን ስለ መግታት የሚናገር የለም። ወደቡ ግን ያው ወደብ፣ ባሕሩም ያው ባሕር ነው። ስለሆነም የቀንዱ ሕዝቦች ለሚቀርብላቸው ወዳጅነት ሁሉ አንድ ጥያቄ ማዘጋጀት ይገባቸዋል። ይኸውም፣ ይህ ወዳጅ የፈለገው እኛን ነው ወይስ የቆምንበትን ሥፍራ? የሚል ነው። ሥፍራውን ብቻ የፈለገ ወዳጅ የተሻለ ሥፍራ ያገኘ ዕለት ይሄዳል፤ ትቶት የሚሄደው መሣሪያ ግን አብሮት አይሄድም።