«ኮምፕሌክስ ነው» ማለት ዓረፍተ ነገሩን መረዳት አይደለም

አንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ተሰጥቶት «ሲምፕል ነው፣ ኮምፓውንድ ነው ወይስ ኮምፕሌክስ?» ተብሎ ቢጠየቅ አብዛኛውን ጊዜ መልስ አያጣም። «ቢኮዝ» ካየ ኮምፕሌክስ፣ «ኤንድ» ካየ ኮምፓውንድ ይላል። «አበበና ከበደ መጡ» የሚለውን ሳይቀር «ኤንድ» ስላለበት ብቻ ኮምፓውንድ ይለዋል። ግሱ አንድ ስለሆነ ግን ሲምፕል ነው። ያው ተማሪ «ማን ምን አደረገ?» ሲባል ዝም ይላል። ዋናው ችግር ያለው በዚህ ዝምታ ውስጥ ነው።

ጉዳዩ የሰዋስው መምህራን የግል ጭቅጭቅ ሊመስል ይችላል። አይደለም። በ1986 ዓ.ም የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ አንደኛ ደረጃን በአፍ መፍቻ ቋንቋ፣ ሁለተኛ ደረጃን በእንግሊዝኛ እንዲሰጥ አደረገ። ስለዚህ ልጁ ፊዚክሱንም፣ ባዮሎጂውንም፣ ታሪኩንም የሚያገኘው በእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ታሽጎ ነው። እሽጉን መፍታት ያልቻለ ውስጡ ያለውን አያገኘውም።

በ2014 ዓ.ም የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም 5.4 በመቶ ሆኑ። ለዚህ ውጤት ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ጦርነቱም፣ የመጻሕፍት እጥረቱም፣ የተማሪው ብዛትም አለበት። ነገር ግን «ይዘቱ ሳይለወጥ የአንድ ጋዝ ሙቀት ቢጨምር ግፊቱ ምን ይሆናል?» የሚለውን በአማርኛ ቢጠየቅ የሚመልስ ልጅ፣ በእንግሊዝኛ ሲመጣበት የትኛው ነገር እንደተለወጠና የትኛው እንዳልተለወጠ ካልለየ፣ የወደቀው በፊዚክስ ነው ወይስ በቋንቋ?

ለምን እንደሚከብደው ማየት አያስቸግርም። ይህን እንመልከት፦ «ዘ ፋርመር ሁ ሶልድ ዘ ኦክስ ዌንት ሆም ቢኮዝ ኢት ዋዝ ሬይኒንግ»። በአማርኛ «በሬውን የሸጠው ገበሬ ዝናብ ይዘንብ ስለነበር ወደ ቤቱ ሄደ» ማለት ነው። በአማርኛው ዋናው ግስ «ሄደ» መጨረሻ ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል። ጥገኛ የሆኑት ሐሳቦች ሁሉ ከእሱ በፊት ይመጣሉ። ማያያዣዎቹም ራሳቸውን ችለው አይቆሙም፤ «የ» ከ«ሸጠው» ጋር፣ «ስለ» ከ«ነበር» ጋር ተጣብቀዋል። እንግሊዝኛው ግን ዋናውን ግስ መሐል ላይ ይጥለዋል፣ ማያያዣዎቹንም «ሁ» እና «ቢኮዝ» ብሎ ለየብቻ ያቆማቸዋል።

አማርኛ የለመደ ጆሮ ቁም ነገሩን ከመጨረሻው ይጠብቃል። ስለዚህ ልጁ ዝናቡን ዋና ሐሳብ ያደርገዋል። «ኦክስ ዌንት ሆም» ጎን ለጎን ስላያቸውም ወደ ቤት የሄደው በሬው ይመስለዋል። ይህ ስንፍና አይደለም። የራሱን ቋንቋ ሥርዓት ይዞ ማንበብ ነው።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። ተማሪው መጀመሪያ ጊዜ የሚያመለክቱትን ግሶች ይቁጠር፦ «ሶልድ»፣ «ዌንት»፣ «ዋዝ ሬይኒንግ»። ሦስት ናቸው። ቀጥሎ ማያያዣዎቹን ይፈልግ፦ «ሁ» እና «ቢኮዝ»። እያንዳንዱ ማያያዣ የራሱን ግስ ይዞ ይሄዳል። ያለ ማያያዣ የቀረው «ዌንት» ዋናው ነው። ሄደ። ማን? ገበሬው። እርግጥ እንግሊዝኛ አንዳንዴ ማያያዣውን ይውጠዋል፤ ያ ግን ዋናው መንገድ ከተለመደ በኋላ የሚመጣ ትምህርት ነው። «ኮምፕሌክስ» የሚለው ስም መጨረሻ ላይ ቢነገረው፣ ባይነገረውም፣ ልጁ ዓረፍተ ነገሩን አንብቦታል።

«እንግሊዝኛ በእንግሊዝኛ ብቻ ይሰጥ፣ አማርኛ ክፍል ውስጥ አይግባ» የሚሉ አሉ። ሐሳባቸው ልጁ ቋንቋውን በብዛት እንዲሰማ ነው፤ ያ መልካም ነው። ነገር ግን ልጁ የሚሳሳተው በአፍ መፍቻ ቋንቋው ምክንያት ከሆነ ያንን ቋንቋ ሳይጠሩ ስሕተቱን ማሳየት አይቻልም። ሰዋስው ጨርሶ ይቅር፣ ልጆች ያውሩ ብቻ የሚሉትም ግማሽ እውነት አላቸው። ስም መሸምደዱ ይቅር። ግን በወሬ ብቻ የመማሪያ መጽሐፍ ረጅም ዓረፍተ ነገር አይፈታም።

ድልድዩ ደግሞ ለሁሉም አንድ አይደለም። ኦሮምኛም እንደ አማርኛ ዋናውን ግስ መጨረሻ ላይ ያደርጋል፤ «የመጣው ሰው» ለማለት ግን «ሰው»ን አስቀድሞ «የመጣው»ን ያስከትላል። እዚህ ላይ ለእንግሊዝኛ ይቀርባል። አዳማ ወይም ጅማ ላይ ኦሮምኛ ተናጋሪ ልጆችን የሚያስተምር መምህር ባሕር ዳር ያለው የማያገኘው መነሻ አለው ማለት ነው። ይህን የሚያሳይ የመምህር መምሪያ በየቋንቋው ማዘጋጀት አዲስ ሕንፃ አይጠይቅም፣ የውጭ ምንዛሬም አይጠይቅም።

ይሁንና ፈተናው ካልተለወጠ መምህሩ አይለወጥም። የክፍል ፈተና «ዓይነቱ ምንድን ነው?» ብሎ ከጠየቀ መምህሩ ስም ያስሸመድዳል፣ ተማሪውም «ቢኮዝ»ን ያድናል። ጥያቄው «ወደ ቤት የሄደው ማን ነው? ለምን?» ከሆነ ግን ሁለቱም ወደ ንባብ ለመመለስ ይገደዳሉ። በየዓመቱ ውጤት ሲወጣ የሚያለቅሰው ወላጅ ልጁ ሰነፍ እንደሆነ ይነገረዋል። ከዚያ በፊት ግን ልጁ ጥያቄውን እንዲያነብ ማን እንዳስተማረው መጠየቅ ይገባዋል።